ሳይታጠብ የተወቀጠ ጫት

ንገሩን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጄ ልጅ ዘይነባ ወልድያ ትማራለች። በክፍላቸው ጫት በሕግ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚል ክርክር ተነሥቶ ኖሮ፣ ጓደኞቿን አስከትላ መርሳ ድረስ መጣች። «እማማ፣ አንቱ በጫት ሞተው የተነሡ ሰው ነዎት። ይንገሩንና እንጻፈው» አለችኝ። ሳቅሁባት። ሞቼ አልተነሣሁም፤ ታምሜ ነው የዳንሁት። ሕግ አላውቅም፣ ፊደልም አልቆጠርሁም። የማውቀው በሰውነቴ የሆነውን ነው። እሱን ጫት ለምትበሉም፣ ለምትሸጡም፣ ቤታችሁ የተባይ ኬሚካል ላስቀመጣችሁም እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ምራቅ ነው። ከቀትር በኋላ ዱአ ላይ ተቀምጠን ሳለን አፌን ውሃ ሞላው። ዋጥሁት፤ መልሶ ሞላ። ጫት አፍ ያደርቃል እንጂ አያረጥብም። ከተዳርሁ ጀምሮ ስበላው ኖሬ ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርሁም።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ጦርነቱ ሲመጣ ወልድያ ከሴት ልጄ ዘንድ ነበርሁ። እኔ አንድ ቤት አልረጋም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአንዱ ልጄ ወደ ሌላው እየዞርሁ ነው የምኖር፤ እግሬ መንገድ ይወዳል። ከባድ መሣሪያው ማጓራት ሲጀምር ሰው እየጠቀለለ ሲወጣ እኔም ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ሲሪንቃ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ንፍሮ አብልተው አሳደሩኝ። በማግስቱ መርሳ ዳር ካለው ከልጄ ከሰይድ ቤት ደረስሁ። ሰይድ አልነበረም። ሽንኩርት ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ እንደሄደ መንገዱ ተዘግቶበታል። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቤት የቆየችኝ ሚስቱ ፋጡማ ናት።

ቤቱ ተበርብሮ ነበር። ጀሪካኖቹ ሳይቀሩ ሄደዋል። ፋጡማ ውሃ የምትይዘው በተገኘው ዕቃ ነበር፤ በድስትም፣ በሰባራ ገንቦም። ሰይድ ለሽንኩርቱና ለማሾው የሚረጨውን ኬሚካል ግን ቀድማ ጎታው ሥር ቀብራው ስለነበር አልተገኘም።

«እማ፣ ለሰይድ ዱአ እናስደርግ» አለችኝ። እኛ ዘንድ ዱአ ሲቀመጡ ጫት ይቀርባል። ጫቱ የታዘዘው ከይመር ነው። ይመር ከግራና ከተማ ወዲህ ባለው ተረተር ላይ ጥቂት የጫት እግሮች ነበሩት። በዚያ ክፉ ጊዜ ማሳ የሚገባ ስላልነበረ ቤተሰቡ የሚያድረው በዚያች ጫት ነበር። ጠዋት እስሩን ራሱ ይዞ መጣ።

«እማማ ዘሀራ፣ ለስላሳ ለስላሳውን ነው የቀጠፍሁልዎ፤ ሙቀጫዎ እንዳታማርር» አለኝ።

«ሙቀጫዬማ ካንተ ጥርስ ትሻላለች» አልሁት።

«ኧረ እሱስ እውነትዎን ነው» አለና የወለቀ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ።

የእኔ ጥርስ ካለቀ ቆይቷል። ጥርስ የሌለን ሰዎች ጫቱን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠን ነው የምንበላው። ስኳር ሲኖር በስኳር፤ ያኔ አልነበረም።

ዱአው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ፋጡማ እንዳይጠወልግ ውሃ አርከፍክፋበት፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ጥላ ሥር አኖረችው። ሰዓቱ ሲደርስ ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ እስሩ ተፈታ፣ ተመረቀ። በዕድሜ እኔ ስለምበልጥ የላይኛው፣ ርጥቡ ለእኔ ተሰጠ። አላጠብሁትም። የተመረቀ ጫት ከታጠበ በረካው ከውሃው ጋር ይሄዳል ብዬ ነው። ይህን ከሼህም ከቃዲም አልሰማሁትም። እናቴ አታጥብም ነበር፤ እኔም አላጥብም። ሌሎቹ ቀንበጥ ቀንበጡን እየቀጠፉ ቀመሱ። እኔ ከነጭማቂው ወቅጬ ሁሉንም ዋጥሁት።

ምራቁ መጣ። ቀጥሎ ላብ መጣ። ሻሼ ራሰ። ዓይኔ ደበዘዘ። እንባዬ ፈሰሰ። ሴቶቹ ለሰይድ የማለቅስ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። ሆዴ ተቆረጠ። የክንዴ ሥጋ ብቻውን ይዘል ጀመር። ከቆዳዬ ሥር ትል የሚሄድ ይመስል ነበር።

አንዷ «ጂን ነው» አለች።

ሌላዋ «ምን ጂን አለ፣ በጫቱ መርቅነው ነው። ተዉአቸው» አለች።

በዚህ ክርክር ጊዜው አለፈ። አስመለሰኝ። ከሴቶቹም ሁለቱን አስመለሳቸው። ሽንቴን መያዝ አቃተኝ። ይህን ዘይነባ እንዳትጽፈው ፈልጌ ነበር። ግን ምልክት ነው፤ ይጻፍ። ደረቴ ይንኮሮኮር ጀመር። አየር እስባለሁ፤ ውሃ የምስብ ይመስለኛል።

ፋጡማ ጮኸች። ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ባጃጅ የለም፣ መኪና የለም፤ በትከሻ ነው የወሰዱኝ።

ጤና ጣቢያው ባዶ ስለነበር ተስፋዬ የሚባል ጤና መኮንን በአንድ ሰው ግቢ ያገኘውን ያክም ነበር። ከመድኃኒቱ የቀረችውን በከረጢት ይዞ ነው የሚዞረው። ቃሬዛው ገና ሳይወርድ የዓይኔን ቆብ ገለጠ።

«ምን ቀምሰው ነው?»

«ጫት ብቻ» አለች ፋጡማ።

«ጫት የዓይን ብሌን ያሰፋል። የእሳቸው የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ይህን ያደረገው ጫቱ ሳይሆን ጫቱ ላይ የነበረ ነገር ነው። ኦርጋኖፎስፌት ይባላል፤ የተባይ ማጥፊያ መርዝ ነው። ቤታችሁ ኬሚካል አለ?»

«አለ። ጎታው ሥር እንደተቀበረ ነው። ማንም አልነካውም።»

እውነቷን ነበር። ማንም አልነካውም።

ልብሴን አስወልቀው በሳሙና አጠቡኝ። ተስፋዬ አትሮፒን የሚባል መርፌ ወጋኝ። ጥቂት ጠብቆ ደረቴን አዳመጠና ደገመ። አሁንም ደገመ። ብልቃጡ አለቀ። ደረቴ አልደረቀም።

ጎረቤት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። «ይህ ለከብት የመጣ ነው፤ ግን ያው አትሮፒን ነው። መጠኑን አንተ አስላ» ብሎ ለተስፋዬ ሰጠው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ከእንግዲህ ቢያገሡ ጥፋቱ የእኔ ነው።» መሳቅ አልቻልሁም። ሰምቼዋለሁ ግን።

«ሳንባዎ እስኪደርቅ እሰጣለሁ» ይል ነበር ተስፋዬ። «ዓይንዎን አይደለም የማየው፤ ሳንባዎን ነው።»

ሳንባዬ ደረቀ። አፌም እንደ ገለባ ደረቀ። ያን ጊዜ ሰይድን አየሁት፤ ከግድግዳው ጥግ ሽንኩርት እየለቀመ ተቀምጧል። ስሙን ጠራሁት። ብርድ ልብሱን እንደ ሽንኩርት ቅርፊት እልጥ ነበር አሉኝ። ተስፋዬ ለፋጡማ «መድኃኒቱ ነው ያቃዣቸው። ያልፋል» አላት። አለፈ። ሰይድም አብሮ ጠፋ። ከሕመሙ ሁሉ የከበደኝ ያ ነው።

አሁን ተሻለኝ ስንል አንገቴ ከዳኝ። ጭንቅላቴን ከትራሱ ማንሣት አቃተኝ። ተስፋዬ ይህን ይጠብቀው ነበር። «መርዙ ሲለቅ ጡንቻ ይደክማል። የምፈራው የትንፋሽዎ ጡንቻ እንዳይደክም ነው። መተንፈሻ ማሽን የለኝም» አለኝ። አልዋሸኝም። አጠገቤ ተቀምጦ ትንፋሼን ይቆጥር ነበር። እኔም እቆጥር ነበር፤ እስከ መቶ እደርስና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ትንፋሼ አልደከመም። ሳምንት ሳይሞላ ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ አጥሚት ጠጣሁ፤ ከዚያ በፋጡማ ትከሻ ተደግፌ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሾላው ሥር፣ ከሾላው ሥር እስከ ወንዙ ድረስ እየጨመርሁ መሄድ ቻልሁ። እግሬ መልሶ መንገድ ሲያምረው ያን ጊዜ መዳኔን አወቅሁ። ዓይኔ ግን ቶሎ አልጠራም፤ ሩቅ ያለ ሰው ሁሉ ሰይድን እየመሰለኝ ብዙ ቀን ተታለልሁ። ፋጡማ ምግቤን በእጇ እያጎረሰች፣ ገላዬን እያጠበች፣ አንዳች ሳታማርር አስታመመችኝ። የወለድኋት ልጅ ከዚያ በላይ አታደርግም።

ገና ምርኩዝ ይዤ ስሄድ የሰፈሩ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ሁለት ሴቶችም ስለታመሙ ነገሩ ወሬ ሆኖ ነበር። አንዱ ጫት ራሱ ሐራም ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ አባቶቻችን ዱአ ያደረጉበት እንዴት ሐራም ይሆናል ብሎ ተነሣ። ጭቅጭቁ ሲረዝም ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ጫቱ የማን ነበር?»

«የይመር» አልሁ።

ይመር ከዳር ተቀምጦ ነበር። ተነሣ። «ወላሂ ጫቴን አልረጨሁም» አለ። ከዚያ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ ሴቶቹ ወደቆሙበት አየ። ሌላ ነገር ይናገራል ብለን ጠበቅን። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ያልረጨህ ከሆነ መርዙ ከሰማይ ወረደ?» አለው አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

ምን ይደረግ ተብሎ ስጠየቅ «ይነቀል» አልሁ። ማንም አላስገደደኝም። ሞት አይቼ መመለሴ ነበር፤ ተናድጄ ነበር። ይህም ይጻፍ።

የይመር ጫት ከሥሩ ተቆረጠ። በሰፈሩም ጫት አይተከልም፣ አይሸጥም፣ አይበላም ተባለ።

እዚህ ላይ ዘይነባና ጓደኞቿ ጆሯቸውን አቆሙ፤ የመጡበት ጉዳይ ይህ ነውና። ከተከለከለ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። የሚበላው ሰው መብላቱን አልተወም። ጫቱ በሣር ሸክም ውስጥ ተሸፍኖ ይገባ ጀመር። ድሮ የይመር ነው፣ የእከሌ ነው ብለን እናውቅ ነበር፤ አሁን ማን እንዳበቀለው፣ ማን ምን እንደረጨበት የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። አንዲት ጎረቤቴ እንደ እኔ ስትታመም ጫት በላሁ ማለት ፈርታ «ሆዴን ነው» እያለች ዋለች። ተስፋዬ ዓይኗን አይቶ እስኪያውጣጣት ረፍዶ ነበር። ተርፋለች፤ እጇ ግን ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ምልክቱን ከእኔ አይታለች፤ መድኃኒቱም በዚያን ጊዜ ተገኝቶ ነበር። የጎዳት ፍርሃት ነው።

ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ሰይድ በእግሩም በመኪናም እያለ መጣ። ከስቷል፤ ጤነኛ ነው። ሽማግሎቹም እንደገና ተሰበሰቡና እኔ ተነሥቼ ተናገርሁ። ሴት በዚያ ጉባኤ ብዙ አትናገርም፤ ለእኔ ግን ዝም አሉልኝ። «ክልከላውን አንሡት፤ ግን እንደ ድሮው ልቅ አይሁን» አልሁ። አብቃዩ ሁሉ እስሩን በራሱ ቀለም ክር ይሰር፤ ክሩ ሲታይ ባለቤቱ ይታወቅ። ከረጨ ረጨሁ ይበል፣ ቀኑን ይናገር፣ ቀኑ ሳይሞላ አይቁረጥ። ለተማሪ ልጅ የሸጠ ከገበያ ይውጣ። የታመመ ሰው ምን እንደቀመሰ ሲናገር አይወቀስ። አንዱ ሽማግሌ «እትዬ ዘሀራ ቀበሌ ሆኑ እኮ» ብሎ ቀለደ፤ ቢሆንም ተስማሙ። ዛሬም መርሳ ገበያ አንዳንዱ እስር ላይ ቀይ ክር፣ አረንጓዴ ክር ብታዩ ነገሩ ከዚያ የመጣ ነው። ሁሉም ያከብረዋል አልልም። ከመደበቁ ግን ይሻላል።

ይህን ስል ጫት ደግ ነው እያልሁ አይደለም። እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ይዘጋል፤ ሥራ ያጣ ወጣት ከቀትር ጀምሮ ተቀምጦበት ቀኑን ሲጨርስ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። እኔንም ተስፋዬ «ደም ግፊት አለብዎት፤ ይተዉት» ብሎኝ ትቼዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ራሴን እያመመኝ፣ እየተነጫነጭሁ ነው የተውሁት። ሙቀጫዋ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች። ግን የተውሁት ምክንያቱን ነግሮኝ ገብቶኝ ነው። ጫቱ የተቆረጠ ጊዜ አልተውሁም ነበር፤ እኔም ከሣሩ ሸክም በልቻለሁ።

እንደ እኔ ለሚገጥማችሁ የምመክረው ይህ ነው። ጫትም ይሁን ሰላጣ፣ የተመረቀም ይሁን ያልተመረቀ፣ እጠቡት። በረካ በውሃ አይሄድም፤ ሼሁን ጠይቄ ነው። መታጠቡም መርዙን ሁሉ አያወጣውምና የተረጨ መሆኑን ካወቃችሁ ተዉት። ምራቅ፣ ላብ፣ እንባ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የሥጋ መዝለል አንድ ላይ ከመጡ ጂን ነው እያላችሁ አትቀመጡ፤ ልብስ አውልቁ፣ ገላ እጠቡ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ። የምታጥቡትም እጃችሁን ጠብቁ። ለሐኪሙ አትደብቁ። በቃሬዛ የተሸከሙኝን፣ ሳንባዬን ሲያዳምጥ የዋለውን ተስፋዬን፣ የላም መድኃኒቱን ያልሰሰተውን ጎረቤት አላህ በሄዱበት ይጠብቅልኝ። ፋጡማን ደግሞ ከሁሉ በላይ።

ነገሬን እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ዘንድሮ አንድ ቀን ፋጡማ ከግብርና ሥልጠና ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ለሠልጣኞቹ የኬሚካል መርጫ ዕቃ በውሃ ስለተለቀለቀ እንደማይጠራ፣ መርዙ ከጎማውና ከቱቦው ውስጥ እንደሚቀር ተነግሯቸዋል። ተቀምጣ አለቀሰች።

«እማ፣ ያን ቀን ጫቱ ላይ ውሃ ያርከፈከፍሁት በሰይድ መርጫ ነው። ሲበረብሩ እሱን ትተውት ነበር፤ የሚያርከፈክፍ ሌላ ዕቃ አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ አጥቤው ነበር፤ ወላሂ ሦስት ጊዜ።»

አቅፌ ያዝኋት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? በማግስቱ ወደ ግራና ወጣሁ። ይመር ጫቱን መልሶ ተክሏል፤ ገና ወገብ አልደረሰም። ክሩ ሰማያዊ ነው። አየኝና ሮጦ መጥቶ እጄን ሳመኝ።

«ይመር፣ በደልሁህ። አፉ በለኝ» አልሁት። የፋጡማን ነገር ነገርሁት። አልገረመውም።

«አውቅ ነበር» አለኝ። «ያን ጠዋት እስሩን አስረክቤ ስወጣ፣ በመርጫው ስታርከፈክፍበት ዞር ብዬ አይቻታለሁ። ኋላ ጉባኤው ላይ ልናገር ተነሥቼ ነበር። ባሏ የለም። የባሏን እናት መረዘች ቢሏት የት ትገባ ነበር? ጫት መልሶ ይበቅላል ብዬ ተቀመጥሁ።»